በሙሉ ጤናዬ የተጠየቅኩበት ሐሙስ

ልብስ ልታሰፉ ስትመጡ ሆዳችሁን ወደ ውስጥ እንደምትስቡ አውቃለሁ። አትፈሩ፣ ለማንም አልናገርም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በምንላት ቀጭን መንገድ ላይ ተቀምጬ የሰው ወገብ ስለካ ሆዱን ለቆ የቆመልኝ ሰው ከሦስት አይበልጥም። አንዱ ትንፋሹን ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ሜትሩን ስጠመጥምበት ዓይኑን ወደ ጣሪያው ይልካል፣ አንዳንዱ ደግሞ "ያምናውን ጻፍ" ይለኛል። ያምናውን እጽፋለሁ፣ የዘንድሮውን እሰፋለሁ። የልብስ ሰፊ ሥራ ግማሹ መርፌ ነው፣ ግማሹ ምስጢር መጠበቅ ነው።

መንገዷ ስሟን ያገኘችው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ጩኸት ነው። ዛሬ ግርግሩ ቀንሷል። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በካርቶን ታጭቆ ይመጣል፤ ለእኛ የተረፈን የሱሪ እግር ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ነው። በልጅነቴ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ባልፍ እንኳ የትኛው መኪና የማን እንደሆነ በድምፁ እለይ ነበር። የሚያስነጥሰው ነበረ፣ የሚያቃስተው ነበረ፣ ሲፈጥን የሚሳደብ የሚመስለውም ነበረ። የአው ሙሜ መኪና ብቻ ድምፅ አልነበራትም። ዛሬም ሰፈሩ ጭር ሲልብኝ የሚናፍቀኝ ያ ሁሉ ጩኸትና በመሐሉ ያለችው የእሷ ዝምታ ነው።

አው ሙሜን ላስተዋውቃችሁ። "አው" በእኛ በሐረሪዎች ቋንቋ አባት ማለት ነው፣ ለትልቅ ሰውም ለክብር ከስሙ በፊት ይጨመራል። አው ሙሜ መርፌ ያስያዙኝ መምህሬ ናቸው። ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሰፉ ጓደኛው ነበሩ። አባቴ ሲሞት እኔ ገና ቁልፍ መትከል እንኳ አላውቅም፤ እሳቸው ናቸው በአባቴ ወንበር ላይ አስቀምጠው ለእንጀራ ያበቁኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቃላቸውን መሬት ጥዬ አላውቅም። አሁን ሰባውን አልፈዋል። ዓይናቸው ክር በመርፌ ማስገባት ከከለከላቸው ቆይቷል፤ ቢሆንም በየቀኑ ኤረር በር አጠገብ ካለው ቤታቸው በእግራቸው እየመጡ ሱቄ ደጃፍ ላይ ይቀመጡና የስፌቴን ጉድለት ይለቅማሉ። ስህተት ያጡ ቀን ደግሞ ጨርቁን ይነቅፋሉ።

መኪናቸው ድምፅ ያልነበራት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሥራ ቢበዛም ባይበዛም ገልብጠው ይጠርጓትና ዘይት ይሰጧት ነበር። ደንበኛ ቆሞ ቢለምናቸው አይሰሙም። "ምን ሆነች?" ሲሏቸው "ምንም" ይላሉ። "ታዲያ?" ሲሏቸው "ምንም እንዳትሆን" ይላሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ተረት የተረጎሙልኝ በዘይት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ዐረፋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። በየዓመቱ ለረመዳኑ ኢድና ለዐረፋ አንዳንድ ሱሪ እሰፋላቸዋለሁ። ሆዳቸውን ለቀው ከሚቆሙልኝ ከሦስቱ ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው፣ የሚስቡት ሆድም የላቸውም። ለካሁና ደብተሬን ገለጥኩ። ያምናው ዐረፋ ዘጠና አራት ይላል። የረመዳኑ ኢድ ሰማንያ ስምንት ይላል። ሜትሬ ደግሞ ሰማንያ አንድ ይላል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሜትሩን ነው። ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ሰው ያሳንሳል፤ ይህን ያየ ሁሉ አያውቅም። ስለዚህ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ የራሴን ወገብ ለካሁበት። ያሳነሰኝ ነገር የለም። እንዲያውም ካሰብኩት አምስት ሴንቲ ሜትር ጨምሮ አሳፍሮኝ ተመለስኩ። ሜትሩ ንጹሕ ነበር፤ የቀነሱት አው ሙሜ ናቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ፖሊስ እከታተላቸው ጀመር። በሁለት ሶላት መካከል ሦስት ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ይሄዳሉ። የሱቄን የውሃ ጀሪካን ከኔ በላይ ያውቁታል። ከኤረር በር ሲመጡም መንገድ ላይ ሁለት ቦታ ይቀመጣሉ። ምነው ሰውነትዎ ከሳ ስላቸው፣ ወጣትነታቸው ተመልሶ እየመጣ እንደሆነ፣ ትንሽ ብታገስ ሁለተኛ ሚስት እንደሚያገቡ ነገሩኝ።

እንግዲህ ምርመራ የሚባለውን ነገር አነሳሁ። ባልታመምንም ጊዜ አንዴ መታየት ጥሩ እንደሆነ፣ አሁን ቼካፕ የሚሉት ነገር እንዳለ፣ ጤና ጣቢያው ቅርብ እንደሆነ አስረዳሁ። አው ሙሜ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ መስጊድ የሚገባ ሰው ሊሰግድ እንደሚገባ፣ ጤና ጣቢያ የሚገባ ደግሞ ሊታመም እንደሚገባ፣ በእግሩ ሄዶ በሽታ የሚቀበል ሞኝ እንዳላዩ መለሱልኝ። የመኪናዋን ዘይት አስታወስኳቸው። ሳትበላሽ ትጠግኗት አልነበረም ወይ አልኳቸው።

"መኪናዋ ዱዓ አታውቅም" አሉ። "እኔ አውቃለሁ።"

ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ሌላውን የምመክርበት አፍ የለኝም። በትምህርት ቤት ዘመኔ ክትባት የሚሰጠው ድሬሰር መጣ ሲባል በመስኮት ዘልዬ ያመለጥኩ ሰው ነኝ። አምልጬ ቤት ስደርስ እናቴ ነጠላዋን ለበሰች፣ ጆሮዬን ያዘች፣ በጠባቡ መንገድ ሁሉ እየጎተተች መልሳ አስረከበችኝ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን የታላቅ እህቷን ፊት ፈንጣጣ ሲበሳው አይታለች። ያኔ እናቶቻችን መርፌ ሲመጣ የሚሰለፉት ማንም አስተምሯቸው ሳይሆን በዓይናቸው ስላዩ ነው። የዚያ መርፌ ጠባሳ እስከ ዛሬ ክንዴ ላይ እንደ ቁልፍ ተተክሏል። እናቴን በጣም ስናፍቅ እዳብሰዋለሁ። በመርፌ ከሚያድርበት ልጇ ይልቅ መርፌን የምታውቀው እሷ ነበረች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በሐረር አንድ ሰው ታምሜያለሁና ሸኙኝ ካለ እምቢ የሚል የለም። ጠላቱም ቢሆን ይሸኘዋል፤ መንገድ ላይ ይታረቃሉ። ይህን አስቤ አንድ ሐሙስ ጠዋት ፊቴን አጠውልጌ አው ሙሜን ጠበቅኳቸው። ደረቴ አካባቢ የሆነ ነገር እንደሚሰማኝ፣ ልመረመር እንደምሄድ፣ ብቻዬን ግን እንደፈራሁ ነገርኳቸው። ሌላው ሁሉ ውሸት ነበር፤ ፍርሃቱ ግን እውነት ነው። አው ሙሜ አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ብድግ አሉ፣ እጃቸውን አናቴ ላይ ጭነው ቁርኣን ቀሩብኝ፣ ክንዴን ያዙና መንገድ ጀመርን። እኔን ደግፈው ነው እንግዲህ፤ ደጋፊው ግን በየሃያ እርምጃው ያርፍ ነበር።

ባጃጅ የያዝነው ፈላና በር ላይ ነው። እዚያ ሎሚ የምትሸጥ ፋጡማ የምትባል ሴት አለች። ፋጡማ ሎሚ የምትሸጠው ወሬ ስትጠብቅ እጇ ሥራ እንዳይፈታ ነው። ሽማግሌው ክንዴን ይዘው፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ስታየን ምን ሆኖ ነው ብላ ጠየቀች። አው ሙሜ "ዱዓ አድርጊለት" ብቻ አሉ። ባጃጁ ተነሳ። ስዞር ፋጡማ ሎሚዋን በማዳበሪያ እየሸፈነች ነበር፤ በዚያ ሰዓት ሎሚዋን ስትሸፍን አይቻት አላውቅም።

ጤና ጣቢያው ሰው ሞልቶት ነበር። ተራችን ደረሰና አንዲት ፈጣን ወጣት ሲስተር ክንዴን ጠቅልላ ግፊቴን ለካችኝ። ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ጨው ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ አለችኝ። ክብደቴንም አየች፤ በሚዛን ላይ ሆድ ወደ ውስጥ መሳብ እንደማይጠቅም ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ቀጥላ የጣት ደም ለስኳር ምርመራ እንደምትፈልግ ነገረችኝና መውጊያዋን አነሳች። እኔም የጠበቅኩት ይህችን ነው።

በእኛ ቤት የእጅ ውሃ ሲመጣ ከታላቅ ይጀምራል። ትልቅ ሰው እያለ ታናሽ እጁን ከዘረጋ ከማዕዱ ቢነሳ ይሻለዋል። ይህን በጥፊ ሳይቀር ያስተማሩኝ አው ሙሜ ናቸው። እጄን ጨብጬ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩና፣ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩ።

"እርስዎ ሳይቀድሙ እኔ እጄን አልዘረጋም።"

አው ሙሜ አስታማሚ እንደሆኑ ሊያስረዱ ሞከሩ። እኔ እጄን ይበልጥ ጨበጥኩ። ሲስተሯ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች። ከኋላችን የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ልጁ አደብ አለው፣ እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል ተባባሉ። ልጁ እኔ ነኝ፤ አምስት ልጆች አሉኝ። አው ሙሜ በሰው ፊት የራሳቸውን ትምህርት ማፍረስ አልሆነላቸውም። "ይኼ ተንኮለኛ" አሉና ጣታቸውን ዘረጉ።

መሣሪያዋ ቁጥሯን አወጣች። ሲስተሯ አየችው፣ ሌላ ጣት ጠርጋ ደገመችው። ከዚያ በሌላ ድምፅ ትጠይቃቸው ጀመር፤ ውሃ ይጠማዎታል ወይ፣ ሽንት ያመላልስዎታል ወይ፣ ይደክምዎታል ወይ። እሳቸው ለሁሉም የሚሰጡት መልስ ሙቀቱ ነው የሚል ነበር። በመጨረሻ ጫማቸውን እንዲያወልቁ ጠየቀቻቸው።

የግራ እግራቸው ውስጥ መርፌ ነበር። የተሰበረ የስፌት መኪና መርፌ፣ የጥፍር ግማሽ የምታህል፣ ተረከዛቸው አጠገብ ገብታ ተቀምጣለች። ዙሪያዋ ጠቁሯል፣ ካልሲው ላይ እርጥበት አለ። እኔ በሥራዬ መርፌ የወጋኝን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ሳላውቀው የወጋኝ ግን አንድም የለም።

"አላመመዎትም አባባ?" አለች።

"ምኑ?" አሉ።

ያኔ ሳቄ ሁሉ ጠፋ። ከኤረር በር እስከ ሱቄ፣ ከሱቄ እስከ ኤረር በር፣ ስንት ቀን እንደሆነ አላህ ይወቀው፣ እኒህ ሰው መርፌ እየረገጡ ሲመላለሱ ኖረዋል። መርፌዋም የእኔ ሱቅ ወለል ላይ የወደቀች ሳትሆን አትቀርም።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። መርፌዋን አወጣ፣ ቁስሉን ጠራረገ፣ በፋሻ ጠቀለለ። የስኳር በሽታ ሲቆይ የእግርን ስሜት እንደሚያደነዝዝ፣ በቁስሉ ጥቂት ሳምንት ቢዘገዩ የምንነጋገረው ስለ መርፌ ሳይሆን ስለ እግራቸው መቆረጥ እንደነበር ሳይሸፋፍን ነገረን። መድኃኒት ጻፈ። ቁስሉ በየቀኑ እንዲታጠብ፣ በዚህ እግር ብዙ እንዳይሄዱ፣ ጣፋጭ ነገር እንዲያቆሙ አዘዘ። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ የመተላለፍ ጠባይ ስላለው ልጆቻቸውም እንዲመረመሩ ጨመረ። አው ሙሜ ልጃቸውን እንደሚያስተዋውቁ ሁሉ ወደ እኔ አዩ።

በባጃጅ ተመለስን። የጀጎል ግንብ መታየት ሲጀምር አው ሙሜ ጉልበቴን ያዙኝ።

"ለማንም እንዳትናገር" አሉ። "አፎቻው ከሰማ ከነገ ጀምሮ እንደ ሬሳ ነው የሚያየኝ። የታመምከው አንተ ነህ። እኔ አስታማሚህ ነኝ።"

ቃላቸውን መሬት ጥዬ አላውቅም ብያችኋለሁ። እሺ አልኩ።

አፎቻ ማለት ለሰርግ፣ ለሐዘንና ለሕመም የምንሰባሰብበት ማኅበር ነው። ሰው ሲታመም አፎቻው ዘግይቶ ከተገኘ ነውር ነው፤ ስለዚህ ከሕመሙ ቀድሞ መድረስ የሚወድ አፎቻ አለ። የእኛ እንደዚያ ነው። ቤቴ ደጃፍ ስንደርስ ከደጁ ውጭ የተከመረውን ጫማ አይቼ ሰው ሞቷል ብዬ ደነገጥኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሞተው እኔ ነበርኩ ለካ፣ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ከፈላና በር የተነሳው ወሬ ፈረስ መጋላ አደባባይ ሲደርስ ልቤ ቆማ ነበር፤ መኪና ግርግር ሲገባ ወደ ድሬዳዋ ተልኬያለሁ፤ ቤቴ ሲደርስ ግን ድሬዳዋም ተስፋ ቆርጦ መልሶኛል። ሐኪሞቹ የሚወደውን ይብላ ብለዋል ተብሎ ነበር።

ባለቤቴ ነፊሳ ከበሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጧል። እንዲህ ያለ ነገር እያለብህ ከሎሚ ሻጭ ልስማ አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት አው ሙሜ በከዘራቸው እግሬን ነካ አደረጉኝ። አፌን ዘጋሁ። ከሃያ ሰባት ዓመት ትዳር በኋላ ሚስቴ አልቅሳ እያየሁ ዝም ስል፣ ምስጢር መጠበቅ ከመርፌ የበለጠ እንደሚወጋ ገባኝ።

የሐረሪ ቤት ወንበር አያውቅም። ከሳሎኑ ወለል ላይ ነደባ የምንላቸው፣ ምንጣፍ የለበሱ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ያን ዕለት እኔን በክብር ከላይኛው ላይ በአራት ትራስ ደግፈው አስቀመጡኝ። አው ሙሜ አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ በታች ነደባው ሁሉ ሞልቷል፣ ወለሉም ሞልቷል።

ጥየቃው ተጀመረ። አላህ ያሽርህ የሚለው ሁሉ ብርቱካን ወይም ብስኩት አስቀምጦ ፊቴን ያጠናል። አንዱ ከስቷል ይላል። ትናንት ይኸው ሰው ወፍረሃል ብሎኝ ነበር። ፋጡማ ሎሚ ይዛ ገብታ፣ ገና ባጃጅ ስይዝ ሞት ፊቴ ላይ እንዳየች ለሴቶቹ ትተርክላቸዋለች። የአፎቻችን ሰብሳቢ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው፣ እንዲያው ለማንኛውም ለልጆቹ የምናገረው ኑዛዜ እንዳለኝ ጠየቁኝ። በልቤ ያለው ኑዛዜ ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ ሂዱ የሚል ነበር፤ አልሐምዱሊላህ ብዬ አለፍኩ።

ቀጥሎ ከእኔ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ረመዳን መጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ዐፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" አለኝ፤ አስራ ሁለት ደንበኞቼን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ይሄ ሰውዬ ሱሪ ያጣምማል እያለ እንደወሰደብኝ ተናዘዘ። ሦስቱን እኔም አላውቃቸውም ነበር። ዐፉ ብዬሃለሁ አልኩት። እጄን ስሞ ሲነሳ ዓይኑ ከራሴ እስከ እግሬ ሄዶ ተመለሰ። የሙያ ሰው ነኝና ምን እየለካ እንደሆነ ገባኝ። ለከፈን የሚሆነውን ጨርቅ እያሰላ ነበር።

ከሁሉ የባሱት ደንበኞቼ ናቸው። ዐረፋ ደርሷል፣ የሁሉም ጨርቅ እኔ ጋ ነው። ሐዘናቸው እውነት ነው፣ ጨርቃቸውም እውነት ነው። አንዱ እጄን ይዞ ብዙ ከጸለየልኝ በኋላ፣ ያቺ ግራጫዋ ሱሪ ምናልባት ተቆርጣ እንደሆነ በቀስታ ጠየቀኝ። ሌላው ለልጆቹ የሚሆን ሦስት ጀለቢያ አለኝ ብሎ ለነፊሳ የሱቁን ቁልፍ የት እንደምናስቀምጥ ጠየቃት።

ይሄ ሁሉ ይቻል ነበር፤ ሻዩ ነው ያልተቻለው። የሐረር ሻይ ስኳሩ አያሳፍርም፤ እንግዳ ሲከበር ደግሞ ስኳሩ ይጨመራል። የመጀመሪያው ብርጭቆ ለአው ሙሜ ቀረበ። እሳቸው በምን ምክንያት እምቢ ይበሉ? ብርጭቆውን ተቀብለው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ የሲስተሯ ፊት ትዝ አለኝ። ተንጠራርቼ ከእጃቸው ነጥቄ ጠጣሁት። ነፊሳ ሌላ ቀዳችላቸው፤ እሱንም ጠጣሁት። ሐልዋ በሳህን መጣ፤ ከፊታቸው አንስቼ በላሁት። ሦስተኛው ሻይ ሲመጣ እጃቸው ከእጄ ጋር ብርጭቆው ላይ ተገናኘ፤ አስለቀቅኳቸው። ሰብሳቢው ለጎረቤታቸው፣ መንገደኛ ነፍስ እንዲህ ነው የሚያምራት ሲሉ ሰማሁ። ነፊሳ ይህን ሰምታ እያለቀሰች አራተኛውን አመጣችልኝ። ከሐልዋው የተረፈችውን ቁራጭ ስውጥ በእውነት የታመምኩ መሰለኝ።

አው ሙሜ ዞር ብለው አዩኝ። ለምን እንደምጠጣ ያውቃሉ።

ሰብሳቢው እጃቸውን ዘረጉና ዱዓ ጀመሩ። ረጅም ዱዓ ነበር። ለደረቴ፣ ለልቤ፣ ለልጆቼ፣ ለነፊሳ፣ ለስፌት መኪናዬ ሳይቀር ለመኑ። ቤቱ ሁሉ በአንድ አፍ አሚን ይላል። ከጎኔ ግን አሚን የሚል ድምፅ አልመጣም። ዱዓው ሳያልቅ አው ሙሜ እጃቸውን አወረዱ።

"ቆይ" አሉ። "ዱዓችሁ ሰው ስቷል። የታመምኩት እኔ ነኝ።"

ካልሲያቸውን አውልቀው በፋሻ የተጠቀለለውን እግራቸውን ምንጣፉ ላይ ዘረጉ። ትልቅ ሰው እግሩን በሰው ፊት አይዘረጋም፤ እሳቸው ሲዘረጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ስኳር ነው አሉኝ። መርፌ እግሬ ውስጥ ገብቶ አልሰማሁትም። አምሳ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ፣ ወላሂ መርፌ አልሰማሁም። ይሄ ልጅ ምንም አልሆነም፤ አታሎ ነው የወሰደኝ። ባያታልለኝ ይህን እግር ትቀብሩት ነበር።"

ከዚያ ሰብሳቢው ቀስ ብለው የራሳቸውን ካልሲ አወለቁና እግራቸውን ገልብጠው አዩ። ቀጥሎ ያለው አወለቀ። ብዙም ሳይቆይ ቤቴን የሞላው ወንድ ሁሉ በየነደባው ተቀምጦ የውስጥ እግሩን ይመረምራል። አንዱ ማየት ስለተሳነው ጎረቤቱን እይልኝ ብሎ እግሩን ሰጠው። ረመዳን ተረከዙ ላይ ያገኘውን ነጥብ ለሦስት ሰው አሳየ፤ ጠመኔ ነበር። ፋጡማ ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቀችኝ። ነገ ጠዋት መላው ጀጎል እንደሚያውቀው ስለማውቅ ሰዓቱን በትክክል ነገርኳት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የፋጡማ ጎረቤት ከሆነ ግን መደበቁም አይገኝለትም።

ሰው ጥቂት በጥቂት ተበታተነ። ነፊሳ መጀመሪያ አቀፈችኝ፣ ቀጥላ ለሁለት ቀን እንደማታናግረኝ ነገረችኝና ብርጭቆዋን ሰብስባ ገባች። እኔና አው ሙሜ ብቻችንን ቀረን። ብርቱካኑ ዙሪያችንን ተከምሯል። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ አባቴ ጀመሩ።

"አባትህ ውሃ አይጠግብም ነበር" አሉ። "ከመኪናው ሥር ገንቦ ነበረችው። ሙቀቱ ነው እንል ነበር። እየከሳ ሲሄድ ሙሽራ ልትሆን ነው እያልኩ አሾፍበታለሁ፤ እሱም ይስቃል። በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ሱሪውን ያጠበብኩለት እኔ ነኝ፣ በእነዚህ እጆቼ። ወገቡን አውቅ ነበር ልጄ። የሆነውን ግን አላወቅኩም።"

አባቴ ምን ሆኖ እንደሞተ ነግሮኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ደከመው፣ ተኛ፣ አረፈ፤ የምናውቀው ይህን ብቻ ነው። ያኔ የሰው ሕመም ስም አልነበረውም። እኔም አባቴን ሳስታውስ የማስበው ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው አድርጌ ነበር። ቀጭን ሆኖ እንዳልተወለደ፣ በዓይናችን ፊት እንደቀጠነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። አለቀስኩ። ሲጠይቁኝ ከዋሉት ሰዎች ሁሉ ፊት ያልወጣኝ እንባ ያኔ ወጣ።

አው ሙሜ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩብኝና፣ አንተስ ጣትህን ሰጥተሃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አሰብኩ። በመርፌዋ ድንጋጤ፣ በፋሻው፣ በሐኪሙ መካከል የእኔን ጣት ያስታወሰ ሰው አልነበረም። አፎቻ ጠይቆኛል፣ ዱዓ ተደርጎልኛል፣ ዐፉ ተባብያለሁ፣ ከፈኔ ሳይቀር ተለክቷል፤ ያልተመረመርኩት እኔ ብቻ ነኝ። አልሰጠሁም አልኳቸው። ነገ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ እንድጠብቃቸው ብቻ ነግረውኝ ተነሱ።

ዓርብ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። እግራቸው እንዳይረግጥ ባጃጅ ይዘው ነው የመጡት፤ ሹፌሩን እስከ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ድረስ ቀስ በል ሲሉ ሄድን። ሲስተሯ ሁለታችንን ስታይ ዛሬ ታማሚው የትኛችሁ ናችሁ አለች። እኔ እጄን ዘረጋሁ። አው ሙሜ የእጄን አንጓ ጥብቅ አድርገው ያዙት፤ እንዳላመልጥ ይሁን ወይም እንዳልፈራ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

መሣሪያዋ ቁጥሯን አወጣች። ሲስተሯ አይታ፣ ጠርዝ ላይ ነህ አለችኝ። ገና ስኳር አልሆነም፣ ግን መንገድ ጀምሯል፤ ከአሁኑ ከተጠነቀቅኩ፣ ጣፋጭ ከቀነስኩና በእግሬ ከሄድኩ ሊመለስ ይችላል። አው ሙሜ በደንብ እንዳልሰሙ አስመስለው እንድትደግምላቸው ጠየቋት። ደገመችላቸው። ሊመለስ ይችላል አባባ፣ በጊዜ ነው የመጣችሁት አለቻቸው።

አንጓዬን ሳይለቁ ዓይናቸውን በሌላው እጃቸው ጠረጉ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ለዚህኛውስ ደረስንለት።"